ኬኔዲ የተገደሉ ዕለት የት ነበሩ? አዛውንቶችን ስንጠይቅ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ ዳላስ ከተማ ላይ በጥይት ተመትተው ሲሞቱ ነፍስ ያወቁ ኢትዮጵያውያንን ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ወሬውን የት ሆነው፣ ከማን አፍ እንደሰሙ ይነግሯችኋል። የሩቅ አገር መሪ ሞት እንዲህ የቀረባቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ኬኔዲ ያቋቋሙት የሰላም ጓድ ከ250 በላይ አሜሪካውያንን ወደ ኢትዮጵያ የላከው ግድያው ከመድረሱ ከአንድ ዓመት ትንሽ ቀደም ብሎ ነበር። አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኑ። ጃንሆይም የኬኔዲ እንግዳ ሆነው ዋሽንግተን ደርሰው ከተመለሱ ገና ሁለት ወር አልሞላቸውም ነበር። ስለዚህ ብዙው ሰው ያዘነው የሚያውቀው ሰው እንደሞተበት ሆኖ ነው።

ያኔ የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ዛሬ ከ80 አልፏል። ልጆችና የልጅ ልጆች ስልካቸውን አውጥተው "እስቲ ያን ቀን ያጫውቱን" ሲሉ ማየት ልብ ይሞላል። የሚያሳዝነው፣ እንዲህ ከሚቀረጹት ትዝታዎች ብዙዎቹ የሚበላሹት በተናጋሪው መርሳት ሳይሆን በጠያቂው አጠያየቅ መሆኑ ነው። ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ላንሳ።

ሰዓቱንና ቀኑን ሳያሰሉ መሄድ

ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ።

ኬኔዲ የተመቱት ዓርብ ኖቬምበር 22 ቀን 1963 እ.ኤ.አ. ነው። ዳላስ ላይ እኩለ ቀን ካለፈ ግማሽ ሰዓት ሆኖ ነበር፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። ፓርክላንድ ሆስፒታል ውስጥ ማረፋቸው የተረጋገጠው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። አዲስ አበባ ከዳላስ 9 ሰዓት ትቀድማለች። እዚህ ተኩሱ ሲሰማ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል፣ ሞታቸው ሲረጋገጥ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነበር ማለት ነው። አብዛኛው ሰው በሩን ዘግቶ ተኝቷል። ሬዲዮ ያለው ጥቂቱ ያን ሌሊት ሰምቶ ይሆናል፤ የቀረው የሰማው ቅዳሜ ጠዋት፣ አለዚያም ሰኞ ትምህርት ቤት ወይም መሥሪያ ቤት ሲገባ ነው።

በአንጻሩ በዚያ ዓመት አሜሪካ ይማሩ የነበሩት ኢትዮጵያውያን የሰሙት በጠራራ ፀሐይ፣ ክፍል ውስጥ ወይም ምሳ ላይ ሆነው ነው። ባልየው ያኔ ዋሽንግተን፣ ሚስትየው አዲስ አበባ የነበሩ ባልና ሚስት ታሪኩን ለዓመታት አብረው ሲያወሩት አንዱ የሌላውን ሰዓት ይወስዳል። እናትየው "ምሳ እየበላን ሰማን" ካሉ ዋሹ ማለት አይደለም። የባለቤታቸው ምሳ ወደ እሳቸው ትዝታ ገብቶ ሊሆን ይችላል።

የቀኑም ነገር እንደዚሁ ነው። ኖቬምበር 22 በአብዛኛው ዓመት ኅዳር 13 ላይ ይውላል። ብዙ ሰው ይህን ይዞ "ኅዳር 13 ቀን 1956 ዓ.ም." ብሎ ይጽፋል። ስህተት ነው። 1955 ጳጉሜን 6 የሆነችበት ዓመት ነበረች፤ ስለዚህ የ1956 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ፣ ኬኔዲ የሞቱበትም ቀን ኅዳር 12 ሆነ።

ኅዳር 12 ደግሞ ተራ ቀን አይደለም። ኅዳር ሚካኤል ነው፤ ኅዳር ሲታጠንም ነው። በ1911 ዓ.ም. ሕዝብ የፈጀው የኅዳር በሽታ የሚታሰብበት፣ ቆሻሻ ከየግቢው ተጠርጎ በየደጁ የሚነድበት፣ አዲስ አበባ በጭስ የምትታፈንበት ቀን። አንዲት በዕድሜ የገፉ ዘመዴ ያን ጊዜ ሲያነሱ የሚጀምሩት ከኬኔዲ አይደለም፤ ከነጠላቸው ነው። ንግሥ ውለው መጥተው ነጠላቸውን ሲያጣጥፉ ጭስ ጭስ ይሸት እንደነበር፣ በማግስቱ ጠዋት ያንኑ ነጠላ ለብሰው ወደ ደጅ ሲወጡ ጎረቤታቸው አጥሩ ላይ ተደግፎ "የአሜሪካን ንጉሥ ገደሉት" እንዳላቸው ይናገራሉ። ቸኩሎ የሚጠይቅ ሰው ስለ ነጠላው ሲነገረው ትዕግሥቱ ያልቅና "እሱን ይተዉትና ስለ ኬኔዲ ይንገሩኝ" ይላል። ቀኑን በእርግጠኝነት የሚይዝልን ግን ያ የጭስ ሽታ ነው። እሳቸው የፈረንጅ ቀን አያሰሉም፤ ኅዳር 12 ማታ ዳላስ ላይ ምን ሰዓት እንደነበረም አያውቁም። የሚናገሩት ሁሉ ግን ከሰዓቱም ከቀኑም ጋር ገጥሟል። ከዋናው ጉዳይ ውጭ የሚመስለውን ወሬ አታቋርጡ።

ጥርት ብሎ የሚታይ ትዝታ ሁሉ ልክ ነው ብሎ መቀበል

"ዛሬ የሆነ ያህል ይታየኛል" ሲሉን እናምናለን። ሰዎቹም ከልባቸው ነው። ሮጀር ብራውንና ጄምስ ኩሊክ የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን በ1977 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ዓይነቱ ትዝታ ሲጽፉ፣ የኬኔዲን ግድያ ከዋና ምሳሌዎቻቸው አንዱ አድርገው፣ ድንገተኛ ወሬ የሰማንበት ቅጽበት እንደ ፎቶግራፍ ተቀርጾ ይቀራል የሚል ሐሳብ አቀረቡ።

ሐሳቡን የፈተነው ሌላ አደጋ ነው። ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በ1986 እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ሰማይ ላይ ስትፈነዳ፣ ኡልሪክ ናይሰርና ኒኮል ሃርሽ በማግስቱ ጠዋት ተማሪዎቻቸውን ወሬውን የት እንደሰሙ አጻፏቸው። ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ቆይተው ከመካከላቸው 44ቱን ዳግመኛ ጠየቋቸው። 11ዱ በዋና ዋናዎቹ ነጥቦች በሙሉ ተሳስተው ተገኙ። ሁሉንም በትክክል የመለሱት 3 ብቻ ነበሩ። የተሳሳቱትም ቢሆኑ እርግጠኞች ነበሩ፤ የራሳቸው የእጅ ጽሑፍ ሲቀርብላቸው እንኳ የፊተኛው ትዝታ አልተመለሰላቸውም።

እነዚያ ወጣቶች ነበሩ፣ ያለፈውም ሁለት ዓመት ተኩል ብቻ ነው። እኛ የምንጠይቀው ከ60 ዓመት በኋላ ነው። ይህን የምለው አዛውንቶቻችንን እንድንጠራጠር አይደለም። አንድ ሰው ስለተናገረው ነገር እርግጠኛ መሆኑና የተናገረው ነገር መረጋገጡ ለየብቻ እንዲያዙ ነው።

"ቴሌቪዥን ላይ አየሁት" የሚለውን ዝም ብሎ ማለፍ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም.፣ ማለትም ከግድያው በኋላ ነው። አዲስ አበባ ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ ዜናውን በአገሩ ቴሌቪዥን ያየ ሰው ሊኖር አይችልም። የነበረው ሬዲዮ ነው፤ የመንግሥቱ ጣቢያ፣ በዚያው በ1963 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ሥራ የጀመረው ብሥራተ ወንጌልም ነበር። አዲስ ዘመንም ነበረ። ከሁሉ ይልቅ ግን ወሬውን ያዳረሰው የሰው አፍ ነው።

አሜሪካ የነበሩትም ቢሆኑ ኬኔዲ ሲመቱ በቀጥታ አላዩም። አብርሃም ዛፕሩደር የተባለ የልብስ ፋብሪካ ባለቤት በራሱ ካሜራ ያነሳው ፊልም በአገር አቀፍ ቴሌቪዥን የታየው በማርች 1975 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከ11 ዓመት በላይ ቆይቶ። በቀጥታ የታየው በገዳይነት የተያዘው ሊ ሃርቪ ኦስዋልድ ራሱ እሑድ ዕለት ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ በጃክ ሩቢ ሲገደል ነው። "በቴሌቪዥን ሲተኮስ አይቻለሁ" የሚል ሰው ምናልባት እውነቱን ነው፤ ያየው ግን የኦስዋልድን ሞት ነው። "የወደቀው ሰው ማን ነበር? ስንት ሰዎች አብረውት ነበሩ? ቀኑስ እሑድ ነበር?" ብሎ በእርጋታ መጠየቅ ነገሩን ያጠራዋል።

የጃንሆይን ሁለት ጉዞዎች አንድ ማድረግ

በየቤቱ አልበም ውስጥ፣ በየቢሮው ግድግዳ ላይ ጃንሆይና ኬኔዲ ጎን ለጎን የሚታዩበት ፎቶ አለ። እሱ የመስከረሙ ጉዞ ነው። ጃንሆይ መስከረም 20 ቀን 1956 ዓ.ም. ዋሽንግተን ሲገቡ ኬኔዲ ባቡር ጣቢያው ድረስ ሄደው ተቀበሏቸው። ከሦስት ቀን በኋላ ጃንሆይ ኒው ዮርክ ላይ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ንግግር አደረጉ። ሌላው ፎቶ፣ ጃንሆይ የጦር ልብሳቸውን ለብሰው ከቁመተ ረጅሙ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ከዴ ጎል አጠገብ የሚራመዱበት፣ የቀብሩ ነው፤ ኅዳር 15 ቀን። በሁለቱ መካከል ያለው 55 ቀን ብቻ ነው።

ከዚህ የተነሳ "ጃንሆይ እዚያው እያሉ ነው የገደሉት" የሚል ታሪክ ይሰማል። አልነበሩም፤ ለቀብሩ ነው የሄዱት። ፎቶዎቹን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ ከጨዋታው በፊት አታሳዩ። አንዴ ካዩት በኋላ ከራሳቸው ትዝታ የሚነግሯችሁና ከፎቶው የሚያነቡላችሁ አይለይም።

ሁለቱን ኅዳሮች አለመለየት

ይህኛው በጥንቃቄ የሚነካ ነው። ለብዙ ኢትዮጵያዊ "ኅዳር፣ ሬዲዮ፣ ግድያ" ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው 1956 ሳይሆን 1967 ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ወደ ስልሳ የሚሆኑ ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ተገደሉ፤ ጊዜያዊውን ወታደራዊ መንግሥት በሊቀ መንበርነት ይመሩ የነበሩት ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶምም ያን ዕለት ቤታቸው ተከበው ሲታኮሱ ሞቱ። ማርሽ የሚያሰማ ሬዲዮ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው የሚሰሙ አባት፣ ዝም ያለ ቤት፦ ይህ ሥዕል ከ1967 መጥቶ በ1956 ትዝታ ላይ ሊቀመጥ ይችላል።

ለመለየት ተናጋሪው ያኔ የት ይኖር እንደነበር፣ አግብቶ እንደሆነ፣ ስንተኛ ክፍል እንደነበረ መጠየቅ ይበቃል። በሁለቱ መካከል 11 ዓመት አለ፤ ሰው በ11 ዓመት ቤቱም ኑሮውም ይለወጣል። ነገር ግን ጨዋታው ከኬኔዲ ወደ ስልሳዎቹ ከዞረ፣ ተናጋሪውም ድምፁ ከተለወጠ፣ ወደ ጥያቄያችሁ ለመመለስ አትጣደፉ። ወንድሙን ወይም አለቃውን ያጣ ሊሆን ይችላል። ቅረጹ ካሉ ቅረጹ፣ አጥፉት ካሉ አጥፉት።

መልሱን ይዞ መጠየቅ

"እማማ፣ ከሬዲዮ ነው አይደል የሰሙት?" የሚለው ጥያቄ መልሱን ራሱ ሰጥቷል። እማማ ይሉኝታም አላቸው፣ ልጁን ማሳፈር አይፈልጉም፤ "አዎ ልጄ" ይላሉ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው ሲጠይቃቸው ሬዲዮው የራሳቸው ትዝታ ሆኗል። "ጋሼ፣ የኬኔዲን ሞት የሰሙ ጊዜ እንዴት ነበር? ከጠዋቱ ጀምረው ያጫውቱኝ" ብላችሁ ዝም በሉ። ዝምታው ቢረዝምም አትሙሉት።

ቤተሰብ በተሰበሰበበት መጠየቅም ያው ነው። ታላቅ ወንድም ካወራ በኋላ ታናሾቹ ማረም አይዳፈሩም። ለየብቻ ጠይቁ፣ ከዚያ ቡና ላይ አብራችሁ አውሯት።

ፊት ለፊት ማረም

"አይ፣ ያኔ ቴሌቪዥን አልነበረም" ብሎ አዛውንትን ማቋረጥ ነውር ከመሆኑም በላይ ጨዋታውን ይዘጋዋል። የተናገሩትን እንዳለ ጻፉ፤ የምታውቁትን ከጎኑ በሌላ ቀለም ጻፉ። አንባቢው ሁለቱንም ያያል። ትዝታውን አስተካክሎ ማለስለስ ግን፣ ለመልካም ታስቦ ቢሆንም፣ የሰውየውን ቃል ማጥፋት ነው።

ዕድሜን አለመቁጠር

በ1956 የሦስት ዓመት ሕፃን የነበረ ሰው የሚናገረው የእናቱን ትዝታ ነው። እሱም ዋጋ አለው፤ "ከእናቴ የሰማሁት" ተብሎ ይመዝገብ።

በ"የት ነበሩ?" ላይ ማቆም

የቦታው ጥያቄ በር መክፈቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ይበልጣል። አሜሪካዊው አስተማሪ ሰኞ ክፍል ሲገባ ምን ሆነ? ትምህርቱን ቀጠለ ወይስ አቋረጠ? ተማሪው ምን አለው? ቄሱ ስለ ሟቹ ምን አሉ? ጎረቤት ማን ገደላቸው ብሎ ጠረጠረ? በኋላ ዩኒቨርሲቲ የገቡትን ደግሞ ስድስት ኪሎ ስላለው በኬኔዲ ስም ስለተሠየመው ቤተ መጻሕፍት ጠይቋቸው፤ እዚያ ቁጭ ብለው ሲያጠኑ ስሙ ምን ያስታውሳቸው እንደነበር። ይህ ሁሉ በየትኛውም ጋዜጣ ላይ አልታተመም፤ ያለው በእነሱ ዘንድ ብቻ ነው።

ቅጂውን ሳትቆራርጡ ሙሉውን አስቀምጡ፤ ለዘመድ የምትልኩት አጭሩ ሌላ ፋይል ይሁን። ስማቸውን፣ የትውልድ ዘመናቸውን፣ በ1956 የኖሩበትን ከተማ፣ የተቀረጸበትን ቀንና የጠያቂውን ስም መጀመሪያው ላይ በድምፅ ተናገሩ። ፋይሉ ስልክ ላይ ብቻ እንዳይቀር፣ ሌላ ቤት ባለ ሰው እጅም አንድ ቅጂ ይኑር።