የቱርክ ክላሲካል ዜማ መዝፈን ለሚጀምር፦ ከጉልበት ምት እስከ መድረክ

የቱርክ ክላሲካል ድምፃዊ ለመሆን የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ድምፁን ከማሳመር ይጀምራል። የኢስታንቡል ነባር ትምህርት ግን የሚጀምረው ከጉልበት ነው። «መሽክ» በሚባለው ዘዴ ተማሪው መምህሩ ፊት ተቀምጦ፣ በሁለት እጁ ጉልበቱን እየመታ፣ ዜማውን ሐረግ በሐረግ ከመምህሩ አፍ ይቀበላል። ኖታው ለማስታወሻ እንጂ ለመማሪያ አይበቃም፤ ለምን እንደማይበቃ ወደ ታች ይታያል።

መጀመሪያ «ኡሱል»፣ ማለትም የምቱን ዑደት ይያዙ። «ዱዬክ» ለመነሻ ይመቻል። ቀኝ እጅ ቀኝ ጉልበት ላይ ሲያርፍ «ዱም»፣ ግራ እጅ ግራ ጉልበት ላይ ሲያርፍ «ቴክ» ይባላል። ቅደም ተከተሉ ዱም 1፣ ቴክ 2፣ ቴክ 1፣ ዱም 2፣ ቴክ 2 ነው። ቁጥሩ ቆይታውን ያሳያል፤ ድምሩ 8 ይሆናል። ሜትሮኖሙን (ምት መቁጠሪያውን) በደቂቃ 80 ላይ አድርገው በመጀመሪያ በቃል ብቻ ይበሉት፣ ከዚያ እጅ ይጨምሩ፣ ቀጥሎ ዜማውን ያለ ግጥም፣ በመጨረሻ ግጥሙን። የሚበላሸው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፦ ድምፅ ሲረዝም እጅ አብሮ ይቆማል። ነገ የሚሠሩትን ሥራ ጮክ ብለው እየዘረዘሩ እጅዎ ካልተዛነፈ ኡሱሉ ገብቶዎታል።

ቀጥሎ «ማካም»፣ ማለትም ዜማው የሚመራበት ቅኝት ነው። በዚህ ሙዚቃ አንድ ሙሉ ድምፅ «ኮማ» ወደሚባሉ 9 ጥቃቅን ክፍሎች ይከፈላል፣ ኦክታቩም 53 ኮማ ይይዛል። በ«ራስት» ማካም ሦስተኛው ድምፅ «ሴጋህ» ይባላል። ከፒያኖው «ሲ» የሚያንሰው በግማሽ ድምፅ አንድ ሰባተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ሆኖም ጆሮ ወዲያው ይለየዋል። ስለዚህ ራስትን በፒያኖ አይለማመዱ፤ እንደ ታንቡር፣ ካኑን ወይም ነይ ባለ የቱርክ መሣሪያ የተያዘ መነሻ ድምፅ ከሥር ያስጮኹ። አሁን «ኡሻክ» የተባለውን ማካም ይውሰዱ። ሁለተኛው ድምፁ በኖታ ላይ የሚጻፈው በዚያው በሴጋህ ምልክት ነው፤ ሲዘፈን ግን፣ በተለይ ዜማው ሲወርድ፣ ከተጻፈው ዝቅ ይላል። የተጻፈውን ብቻ አምኖ የዘፈነ ሰው ኡሻኩን ያደርቀዋል። ኖታ አይበቃም የተባለው ለዚህ ነው።

ማካም ደግሞ የድምፆች ዝርዝር ብቻ አይደለም። «ሁሴይኒ» እና «ሙሐየር» የሚጠቀሙት ድምፅ ተመሳሳይ ነው ማለት ይቻላል። ሁሴይኒ ከመካከል ተነስቶ ወጥቶ ይወርዳል፤ ሙሐየር ግን ከላይ፣ ከመነሻው ኦክታቭ አካባቢ ጀምሮ ይወርዳል። ይህ አካሄድ «ሰይር» ይባላል። ሰይሩ የጠፋበት ዘፋኝ ድምፁ ልክ ቢሆንም ማካሙን አልዘፈነም።

«ሻርኪ»፣ ማለትም ባለ ግጥም ዘፈን፣ ለመጀመሪያ ሲመርጡ መክፈቻውን አይተው አይወስኑ። ሻርኪ ብዙ ጊዜ መነሻ ክፍል፣ አዝማች፣ «ሜያን» እና እንደገና አዝማች አለው፤ ዜማው ከፍ የሚለው ሜያኑ ላይ ነው። ከፍተኛውን ድምፅ መጀመሪያ ይሞክሩ፣ ከጠበበዎት አጃቢዎቹ መነሻውን ያውርዱልዎ። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ «ቦላሄንክ» በተባለው መደበኛ አቃቃኝ «ሬ» ተብሎ የተጻፈው የሚሰማው «ላ» ሆኖ ነው፣ 440 ኸርዝ። ይህን ያላወቀ ሰው በፒያኖ ድምፁን ለክቶ ልምምድ ላይ ይደናገጣል።

ግጥሙ በአብዛኛው የኦቶማን ቱርክኛ ስለሆነ ትርጉሙን ሳያውቁ አይዝፈኑ። ትንፋሽ ከቃል መካከል ከተወሰደ ስንኙ ይሰበራል። ጌጥ፣ ማርገብገብ፣ ማንሸራተት ዜማው ንጹህ ሆኖ ከወጣ በኋላ ይምጣ። ያለ ምት በራስ ፈጠራ የሚዘፈነው «ጋዘል»ማ ለጀማሪ አይደለም፤ ብዙ ማካም ጆሮ ውስጥ ሳይገባ የሚሞከር ጋዘል ጩኸት ይሆናል።

መድረኩን ለመረዳት ድምፃዊውን ሙኒር ኑረቲን ሴልጁክን (1900–1981 እ.ኤ.አ.) ያዳምጡ። ከእሱ በፊት ድምፃዊ በአብዛኛው ከመሣሪያ ተጫዋቾቹ ጋር ተቀምጦ ነበር የሚዘፍነው። እሱ ፓሪስ የድምፅ ትምህርት ተከታትሎ በ1930 ኢስታንቡል በፈረንሳይ ቴአትር መድረክ ላይ ቆሞ፣ በፍራክ (ባለ ጭራ ኮት)፣ ለብቻው ኮንሰርት አቀረበ። ከዚያ እሱ የዘፈነውን አንድ ሻርኪ በድምፃዊቷ በሙዘየን ሴናር (1918–2015) ይስሙት። እሱ ቃሉን እንዴት እንደሚያጠራ፣ እሷ ሐረጉን የት እንደምታዘገይ ምልክት ያድርጉ። ሁለቱንም ለመኮረጅ መሞከር ግን ከንቱ ነው።

መንገዱ አንድ አይደለም። ድምፃዊው ዘኪ ሙረን ስሙን ያገነነው በ1951 መጀመሪያ በኢስታንቡል ራዲዮ በቀጥታ በመዝፈን ነው። ዛሬ መደበኛውን ትምህርት የሚፈልግ በኢስታንቡል ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ሥር ወዳለው የቱርክ ሙዚቃ ኮንሰርቫቶር ማመልከት ይችላል። አላዲን ያቫሽቻ (1926–2021) የማህፀን ሐኪም ሆኖ እየሠራ ከዘመኑ ታላላቅ ድምፃውያን ተርታ ተሰልፏል፤ ሥራ ላለው ሰው እንደ ኡስኩዳር ሙሲኪ ጀሚየቲ ያለ ማኅበር ኅብረ ዝማሬ ጥሩ መግቢያ ነው። እዚያ ቢያንስ ሴጋህዎን ጎረቤትዎ ያርምልዎታል።