ኮዬ ፈጬም ግቡ ቱሉ ዲምቱ፣ ጎረቤት እንዲህ ይያዛል

አዲስ አበባ ዳር ላይ ያለ ኮንዶሚኒየም ስትገቡ ሐሳባችሁ ሁሉ ሴራሚክና በር ላይ ነው። አይፈረድባችሁም። ግን ሌሊት ልጅ ቢያተኩስባችሁ፣ ዘመድ ከመርካቶ ተነስቶ ኮዬ ፈጬ እስኪደርስ ይነጋል። ቀድሞ የሚደርሰው ፊት ለፊታችሁ ያለው ሰው ነው።

ስለዚህ ሰላምታውን እናንተ ጀምሩ። «እነሱ ናቸው መጥተው ሊጠይቁኝ የሚገባ» የሚል ሰው ብዙ አለ፣ እዚያው ደረጃ ላይ ተኮራርፎ ዓመት ይሞላዋል። የ20/80 ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ሊፍት የለውም። እቃ የያዙ ትልቅ ሰው ካገኛችሁ «እማማ፣ ልያዝልዎት» በሉ። ከዚያ በኋላ መተዋወቁ ራሱ ይመጣል።

ከዚያ ቡና አፍሉ። ቆሎ ወይ ፈንዲሻ ይበቃል። ድግስ ካደረጋችሁት ቀጣዩ ሰው የእናንተን ያህል ለማቅረብ ይጨነቃል፣ ተጨንቆም ሳይጠራ ይቀራል። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ የጾም ነገር አቅርቡ፣ በረመዳን ደግሞ ሙስሊም ጎረቤታችሁን ቀን ላይ አትጥሩ። ሲኒው ሲዞር ውጭ ሀገር ስላለው ወንድማችሁ አታውሩ፣ ጠይቁ እንጂ። ውሃ በየትኛው ቀን ነው የሚመጣው? ጠዋት ታክሲ ከየት ይያዛል? ሰው የሚያውቀውን ሲጠየቅ ፊቱ ይፈታል፣ እናንተም በዚያው ሰፈሩን ትማራላችሁ።

ውሃ ላይ ደግሞ አደራ። ግፊቱ ደካማ ሲሆን ታች ያለው እየቀዳ ላይኛው ፎቅ አይደርስም። ምድር ቤት ከሆናችሁ፣ ጀሪካናችሁ ሲሞላ ዝጉት፣ ምንጣፍ ማጠቡ ለሌላ ቀን ይቆይ። ከአራተኛ ፎቅ ባዶ ጀሪካን ይዛ የወረደች እናት ካያችሁ «ነይ፣ ከእኛ ቅጂ» በሏት። ይቺን አትረሳትም።

ላይኛው ቤት ማታ ሙቀጫ ይወቅጣል? ቴሌግራም ግሩፑ ላይ «አንዳንድ ሰዎች» ብላችሁ አትጻፉ። ሁሉም ማን እንደሆነ ያውቃል፣ ሰውየውም በሰው ፊት እንደተዋረደ ይቆጥረዋል። በሩን አንኳኩና «ልጄ መተኛት አቅቶት ነው፣ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትወቅጡልኝ» በሉ። አብዛኛው ሰው እኮ ድምፁ ታች እንደሚሰማ አያውቅም።

እድር ቶሎ ተመዝገቡ። የድሮ ሰፈራችሁ እድር ቢኖርም ይሄኛውም ያስፈልጋል፣ ድንኳኑና ወንበሩ ቀድሞ የሚደርሰው ከዚህ ነው። ለቅሶ ቤት ንግግር አይጠበቅባችሁም፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ መቀመጥ በቂ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። የጎረቤት ቤት ትገቡና ጂፕሰሙን፣ የኪችን ካቢኔቱን ታያላችሁ። አድንቁ፣ «እንኳን ደስ ያላችሁ» በሉ። ቤት ተመልሳችሁ ግን ባልን ወይ ሚስትን «የእኛስ መቼ ነው?» ብላችሁ አታፋጥጡ። በ20/80 ከቤቱ ዋጋ 80 ከመቶው የባንክ ብድር ነው፣ እሱ ሳያልቅ ለጣሪያ ጌጥ ሌላ ብድር መጨመር ምን ይሉታል? ሲሚንቶ ወለል ላይ ፕላስቲክ ምንጣፍ አንጥፎ መኖር ነውር የለውም፣ ቡናውም ያው ቡና ነው።

ገንዘብ አበድሩን ካሏችሁ፣ ቢቀር የማትቀየሙበትን ያህል ብቻ ስጡ። ከዚያ በላይ ከሆነ «አሁን እጄ ላይ የለም» በሉ። ስኳርና ሽንኩርት ግን አይቆጠርም።