የሱፐርኮምፒውተር ሴቶችን ኅብረት በሥራ ቦታ እንዴት እንጀምር?

ባሕር ዳር ውስጥ ከባድ ስሌት የሚጠይቅ ሥራ ሞልቷል። የዓባይ ተፋሰስን ዝናብ መገመት፣ በጣና ላይ የተስፋፋውን እምቦጭ ከሳተላይት ምስል መለየት፣ ሌላም ሌላም። እንዲህ ያለው ሥራ በአንድ ላፕቶፕ አይገፋም። ብዙ ኮምፒውተሮች ተያይዘው የሚሠሩበት ክላስተር ያስፈልጋል፤ የዛሬዎቹ ሱፐርኮምፒውተሮችም በአብዛኛው እንዲህ የተሠሩ ናቸው። እዚያ ላይ ግን ሴቶች ጥቂት ናቸው።

ምክንያቱ ችሎታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1946 ለሕዝብ ይፋ የሆነውን፣ ከመጀመሪያዎቹ ኤሌክትሮኒክ ኮምፒውተሮች አንዱ የሆነውን ኤኒያክን ፕሮግራም ያደረጉት ስድስት ሴቶች ነበሩ። የክላስተር ሥራ ግን ከመጽሐፍ ይልቅ ከሰው ይለመዳል። ስንት ሜሞሪ ይጠየቃል፣ ጆቡ (ለክላስተሩ የተላከው ሥራ) መሃል ላይ ሲሞት ማን ጋ ይኬዳል፣ ይሄ ሁሉ የሚወራው አመሻሽ ላይ ወንዶቹ ሲሰባሰቡ ነው። እኔ ድሮ በምሠራበት ቦታ ክላስተሩን የምጠቀምበት አካውንት ለማግኘት ደብዳቤ ይዤ ሦስት ወር ተመላልሻለሁ። ከእኔ በኋላ የመጣው ልጅ ማታ ድራፍት ላይ ጠየቀ፣ በማግስቱ ተከፈተለት። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። እኔ እዚያ አልነበርኩም፣ በቃ።

ስለዚህ የሴቶች ኅብረት ስታቋቁሙ በባነርና በቲሸርት አትጀምሩ። በአካውንት ጀምሩ።

መጀመሪያ ስም መዝግቡ። አካውንት ያላት፣ ጠይቃ ያላገኘች፣ መጠየቅ እንደሚቻል እንኳ ያልሰማች። ቴክኒሻኖችንና ተማሪዎችን አትርሱ። አምስት ሰው ከተገኘ ይበቃል።

ቀጥሎ ክላስተሩን የሚያስተዳድረውን ሰው አነጋግሩ። አካውንት ማን ይፈቅዳል? በስንት ቀን? መልሱ በአንድ ገጽ ተጽፎ በር ላይ ይለጠፍ። ከሩቅ ወረዳ መጥቶ ማንንም የማያውቅ ወንድ ልጅም በዚሁ ወረቀት ይገባል። ብዝኃነት ለእኔ ከዚህ ይጀምራል።

ከዚያ የመጀመሪያው ስብሰባ። በሥራ ሰዓት ይሁን፤ 8 ሰዓት ጀምሮ 10 ሰዓት ላይ ይለቅ። ከመሸ በኋላ ባጃጅ ፍለጋ መንገድ ላይ መቆም የለም። ልጅ ያላት ይዛ ትምጣ። በዊልቸር የምትሄድ ካለች ምድር ቤት ያለ ክፍል ያዙ። ቡናው ይፈላ፣ ግን በተራ፤ ወንዶቹም ያፍሉ።

አቦሉ ሳይቀዳ እያንዳንዷ በራሷ ላፕቶፕ ክላስተሩ ውስጥ ትግባ። አጭር ስክሪፕት (የትእዛዝ ፋይል) ትጻፍ፦ የጆቡ ስም፣ ስንት ኮር (የፕሮሰሰር ክፍል)፣ ስንት ሜሞሪ፣ ለስንት ሰዓት፣ «ሲያልቅ ኢሜይል ላክልኝ»፣ በመጨረሻ የሚሠራው ፕሮግራም። ክላስተሩ ስለርም በሚባለው ወረፋ አስያዥ ሶፍትዌር የሚሠራ ከሆነ፣ ስክሪፕቱን ስትልከው ወረፋው ላይ መጀመሪያ «ፒዲ» ይላል፤ እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ተራው ሲደርስ ወደ «አር» ይቀየራል፤ እየሠራ ነው ማለት ነው። ያኔ ላፕቶፗን ትዝጋ። ጆቡ ያለው ክላስተሩ ላይ ስለሆነ እሷ ቤት መብራት ቢጠፋም አይቋረጥም። ይህችን ደቂቃ በጥድፊያ አትለፏት። «ሌሊት ላቦራቶሪ ማደር አለ» ተብላ የሸሸች ሴት ያን ቀን ታየዋለች፤ ሥራው ያድራል፣ እሷ ቤቷ ትገባለች።

ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ተገናኙ። እንደ እቁብ ተራ ይኑር፣ ባለተራዋም የሞተባትን ጆብ ይዛ ትምጣ። ያማረ ውጤት ማቅረብ ያስፈራል፤ የተበላሸ ነገር ግን ሁሉም ጋ አለ። አንዷ ሜሞሪ አልቆባት የቆመውን ሌላዋ በአምስት ደቂቃ ታስተካክለዋለች።

ከውጭ ደግሞ ዊመን ኢን ኤችፒሲ (በከባድ ስሌት ሥራ ላይ ያሉ ሴቶች) የሚባል ዓለም አቀፍ ድርጅት አለ። በየተቋሙ ቅርንጫፍ ማቋቋም ስለሚቻል ሥራችሁ መልክ ሲይዝ ጻፉላቸው።

አለቆች ቁጥር ይፈልጋሉ። ስለርም ማን ስንት የኮር ሰዓት እንደተጠቀመ ይመዘግባል። በየስድስት ወሩ አውጥታችሁ አሳዩ።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ አስወስኑ። ብዙ ክላስተሮች ጊዜያዊ ማስቀመጫ ላይ ለሳምንታት ያልተነካ ፋይል በራሳቸው ይሰርዛሉ። ወሊድ ፈቃድ የምትወጣ ካለች፣ ከመውጣቷ በፊት ዳታዋን ወደ ቋሚ ማስቀመጫ አብራችሁ አሻግሩላት። አካውንቷም እስክትመለስ እንዳይዘጋ በጽሑፍ ይያዝ።