የመኪናዬ መሪ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ላይ የሚንቀጠቀጥበት ምክንያት ተገኘ
ከጅማ ወደ ሰኮሩ ስወጣ እስከ 70 ምንም የለም፣ 80 ስደርስ መሪው እጄ ላይ ይንዘፈዘፋል። መካኒኩ ሳያይ "ቴስቲና (መሪውን ከፊት ጎማ ጋር የሚያገናኘው መጋጠሚያ) ነው ቀይር" አለኝ፣ እኔ ግን ብር ከማውጣቴ በፊት ትንሽ አሰብኩ፤ ፍሬን ስይዝ አይብስም ስለዚህ ዲስክ አይመስልም፣ ወንበሩ ሳይሆን መሪው ነው የሚንቀጠቀጠው ስለዚህ የፊት ጎማ ነው። በክሪክ አንስቼ ጎማውን ላይና ታች ግራና ቀኝ ነቀነቅኩት፣ አይላወስም፤ ስለዚህ ቴስቲናም አይመስልም። ፈትቼ ስገለብጠው ለካ ቸርኬው ውስጥ በአንድ በኩል ብቻ ቀይ ጭቃ እንደ ሸክላ ደርቆ ተጋግሯል! ባለፈው በአጋሮ በኩል ቡና ልናይ ስንገባ የያዘው ነው። ፈቅፍቄ አጠብኩት፣ ጎሚስታ ጋ ባላንስ ሳስደርግ ደግሞ ጎማው ወደ አንድ ወገን እንዳይከብድ ቸርኬው ላይ ከሚለጠፉት ትንንሽ ክብደቶች (እርሳስ የሚሏቸው) አንዱ ወድቆ ተገኘ፣ 35 ግራም ለጠፈበት። አሁን 100 ላይ ስኒ ቡና ብታስቀምጥ አይፈስም (እሺ አጋንኛለሁ፣ መንገዱ ራሱ ያፈሰዋል)።