ለአእምሮና ለአካል ጤና ሰፕሊመንት እንዴት ይመረጣል? እንዴትስ ይወሰዳል?

ድካም አልለቅ ሲል፣ እንቅልፍ እምቢ ሲል፣ ሆድ ሲብስ ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ሐሳብ "ቫይታሚን ልግዛ" የሚል ነው። ሐኪም ጋ መሄድ ወረፋ አለው። ብልቃጥ መግዛት ግን አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ችግሩ ሰፕሊመንት የሚጠቅመው የጎደለ ነገር ሲኖር ነው። ሙሉ እንስራ ላይ ውሃ ቢጨምሩበት ይፈሳል እንጂ አይበዛም። አንዳንዱ እንዲያውም ፈሶ አይቀርም፣ ሰውነት ውስጥ ተጠራቅሞ ይጎዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ምን እንደጎደለ እንፈልግ፤ ብልቃጡ ይደርሳል።

ደረጃ 1፦ ለምን እንደሚወስዱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

"ለጤናዬ" አይበቃም። "ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል"፣ "እግሬን ይደነዝዘኛል"፣ "ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል"፣ "ማርገዝ አስቤያለሁ" ዓይነት ነገር ይሁን። ይቺ አጭር ጽሑፍ ምን መመርመር እንዳለበት ትጠቁማለች። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ደግሞ የወሰዱት ነገር መጥቀም አለመጥቀሙን የሚለኩት በእሷ ነው። የሚጽፉት ነገር ካጡ ምናልባት ምንም አያስፈልግዎትም። ገንዘብዎ ኪስዎ ውስጥ ይቆይ።

ደረጃ 2፦ ከመገመት ይመርመሩ

ለድካም፣ ለድብርትና ለመርሳት ሰበብ ከሚሆኑት ነገሮች ውስጥ በደም ምርመራ የሚታወቁ አሉ። ሐኪምዎን ስለ አራቱ ይጠይቁ፦ ፌሪቲን (የአይረን ክምችት)፣ ቢ12፣ ቫይታሚን ዲ እና ታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ ዕጢ)። ታይሮይድን እዚህ ያስገባሁት በምክንያት ነው። ሥራው የቀዘቀዘ ታይሮይድ ሰውን ያደክማል፣ ያወፍራል፣ ስሜትንም ያወርዳል። ሕክምናው ግን የራሱ መድኃኒት ነው። ይህን ሳያውቅ ወር ከወር መልቲቫይታሚን የሚውጥ ሰው በከንቱ ይለፋል።

አይረን ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሄሞግሎቢን (ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) ደህና ሆኖ ፌሪቲን ዝቅ ሊል ይችላል። ክምችቱ የሚያልቀው ከደም ማነሱ አስቀድሞ ነው። እጥረት ከተገኘ ደግሞ ቀጣዩ ጥያቄ "የት ሄደ?" የሚለው ነው። የወር አበባ የሚበዛባት ሴት ከሆነች ምክንያቱ ቅርብ ነው። ወንድ ከሆነ ወይም የወር አበባዋ የቆመ ሴት ከሆነች ግን ከጨጓራ ወይም ከአንጀት ደም እየፈሰሰ እንዳይሆን መታየት አለበት። ኪኒኑ ቁጥሩን ያስተካክልና ዋናውን በሽታ ይሸፍነዋል።

ቢ12 በተለይ የሚያሳስባቸው ሰዎች አሉ፦ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት ጨርሶ የማይወስዱ፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ለስኳር ሜትፎርሚን የሚወስዱ፣ ለጨጓራ ኦሜፕራዞልን ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ሲጎድል ግን እጅና እግር ይደነዝዛል፣ የማስታወስ ችሎታ ይደክማል፣ ስሜትም ይወርዳል። ቢ12 ሳይታይ ፎሊክ አሲድ በብዛት መውሰድ ተንኮለኛ ነው። የደም ማነሱ ይሻላል፣ የነርቭ ጉዳቱ ግን ውስጥ ለውስጥ ይቀጥላል።

ቫይታሚን ዲ ብዙ ጊዜ አነሰ የሚባለው በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ከ20 ናኖግራም በታች ሲሆን ነው።

ምርመራ የማይጠበቅበት አንድ ጉዳይ እርግዝና ነው። ለማርገዝ ያሰበች ሴት ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጀምራ፣ እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ በየቀኑ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ትውሰድ። የፅንሱ አከርካሪና አንጎል መሠረት የሚጣለው ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ገና ሳያውቁ ነው።

ደረጃ 3፦ የመድኃኒትዎን ዝርዝር ይዘው ፋርማሲስት ያነጋግሩ

"ከተፈጥሮ የተገኘ ነው፣ ምን ይጎዳል?" የሚል አለ። ሴንት ጆንስ ወርት የምትባለውን ዕፅ እንይ። ለቀላልና ለመካከለኛ ድባቴ እንደምትረዳ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ችግሩ ጉበት መድኃኒቶችን ቶሎ ቶሎ አፍርሶ እንዲያስወግድ ታደርጋለች። የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን፣ ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት)፣ አንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶች፣ ኩላሊት የተተከለለት ሰው የሚወስደው መድኃኒት ሁሉ ኃይላቸው ይቀንሳል። እንደ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ካሉ የድባቴ መድኃኒቶች ጋር ስትገናኝ ደግሞ ሴሮቶኒን የሚባለው የአንጎል ኬሚካል ከልክ ያልፋል። ያልባል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ልብ ይመታል፣ ሲብስ ለሕይወት ያሰጋል።

ሌሎቹን ባጭሩ ልበል። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ቫይታሚን ኬ አይጀምር። የታይሮይድ ኪኒን ከአይረን፣ ከካልሲየምና ከማግኒዚየም ጋር የ4 ሰዓት ልዩነት ይፈልጋል። እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶክሲሳይክሊን ያሉ አንቲባዮቲኮችም ከእነዚህ ማዕድናት ጋር አብረው ከተዋጡ በደንብ አይሰሩም። ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ማግኒዚየምና ፖታሲየምን በራሱ ፈቃድ አይንካ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ሬቲኖል የሚባለው የቫይታሚን ኤ ዓይነት በቀን ከ3000 ማይክሮግራም መብለጥ የለበትም፤ ፅንስ ይጎዳል።

ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ቤታ ካሮቲን (ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው ነገር) ያለበትን ይተዉት። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 አጫሽ ወንዶች የተሳተፉበት ጥናት ውጤቱ በ1994 (እ.ኤ.አ.) ወጣ። ሳንባቸውን ከካንሰር ይጠብቅላቸዋል የተባለው ቤታ ካሮቲን በተሰጣቸው ሰዎች ላይ የሳንባ ካንሰሩ በ18 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ። "ቢጠቅም ይጠቅማል፣ ባይጠቅም አይጎዳም" የምትለዋን አባባል የማልወዳት ለዚህ ነው።

ደረጃ 4፦ አንድ ብቻ ይምረጡ

አምስት ነገር በአንድ ቀን ከጀመሩ፣ ሲሻልዎት የትኛው እንደጠቀመ አያውቁም። ሆድዎን ሲያምዎትም የትኛው እንዳመመዎት አያውቁም። በምርመራ የታየ እጥረት ካለ እሱን ይጀምሩ። ክርክር የለውም።

እጥረት ሳይኖር ለስሜት ተብሎ የሚወሰደው ላይ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። በስም ከሚጠሩት ውስጥ ኦሜጋ 3 (በዓሣ ዘይት ውስጥ የሚገኘው ቅባት) የተሻለ ማስረጃ አለው ብል አላጋነንኩም። ድባቴ ባለባቸው ሰዎች ላይ፣ ኢፒኤ የተባለው የስብ አሲድ በበዛበት ዓይነት፣ ከመድኃኒታቸው ጎን ሲሰጥ መጠነኛ ጥቅም ያሳየባቸው ጥናቶች አሉ። መጠነኛ የምትለዋ ቃል ትሰመርባት። ቫይታሚን ዲ ደግሞ ብዙ ተወርቶለት ነበር። አሜሪካ ውስጥ ከ18,000 በላይ ሰዎች በቀን 2000 ዩኒት ወይም የማስመሰያ ኪኒን ለዓመታት እየወሰዱ ተመራማሪዎች ተከታተሏቸው። በ2020 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ውጤት ድባቴን እንደማይከላከል አሳየ። ለአጥንት፣ እጥረት ላለበት ሰው፣ ጥቅሙ እንዳለ ነው። ማግኒዚየም ለጭንቀትና ለእንቅልፍ ይባላል፤ ማስረጃው ገና ስስ ነው።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ስሜትዎ ወርዶ ከቆየ፣ ይወዱት የነበረው ነገር ሁሉ ካስጠላዎት፣ ይሄ የብልቃጥ ጉዳይ አይደለም፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያግኙ። "ባልኖር ይሻላል" የሚል ሐሳብ ከመጣብዎት ደግሞ ዛሬውኑ። የታዘዘልዎትን የድባቴ መድኃኒት በሰፕሊመንት ልተካ ብለው በድንገት አያቁሙ።

ደረጃ 5፦ ብልቃጡን አዙረው ያንብቡ

ከፊት ያለው ማስታወቂያ ነው። ሐቁ ያለው ከጀርባ ነው። አንድ የዓሣ ዘይት ብልቃጥ አብረን እናገላብጥ። ፊቱ ላይ በትልቁ "1000 ሚሊግራም" ይላል። ከጀርባ በትንንሽ ፊደል ኢፒኤ 180፣ ዲኤችኤ (ሌላው የኦሜጋ 3 ዓይነት) 120 ይላል። ቀሪው 700 ሚሊግራም ሌላ ቅባት ነው። ለድባቴ በተደረጉት ጥናቶች ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ኢፒኤ በቀን 1 ግራም አካባቢ ነው። እንግዲህ ያስሉት፦ ከዚህ ብልቃጥ እዚያ ለመድረስ በቀን ወደ 6 እንክብል መዋጥ ነው። በቀን አንድ እየተዋጠ ወር ይቆያል የተባለው ብልቃጥ በአምስት ቀን ያልቃል። ርካሽ የመሰለው ውድ ሆኖ ቁጭ! አንዳንዱ ላይ ደግሞ ከጀርባ የተጻፈው ቁጥር ለአንድ እንክብል ሳይሆን ለሁለት ነው። "በአንድ ጊዜ የሚወሰድ መጠን" የሚለውን መስመር መጀመሪያ ይፈልጉ።

አይረንም እንዲሁ ያሳስታል። 325 ሚሊግራም የተባለው ፌረስ ሰልፌት ውስጥ ንጹህ አይረኑ 65 ሚሊግራም ነው። ሐኪም "60 ሚሊግራም" ካለዎት የሚያወራው ስለ ንጹሁ ነው። ቫይታሚን ዲ ላይ ሁለት ዓይነት መለኪያ ያያሉ፤ 1 ማይክሮግራም 40 ዩኒት ነው፣ ስለዚህ 25 ማይክሮግራም ማለት 1000 ዩኒት ነው። ሐኪም ካላዘዘ በቀን ከ4000 ዩኒት አይለፉ።

ከቀን ፍላጎት ስንት በመቶ እንደሆነ የሚናገረውንም ቁጥር ይዩ። ቢ12 በሺዎች የሚቆጠር በመቶ ቢጻፍ አያስደነግጥም። ቢ6 ግን ሌላ ነው። ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ይጎዳል፣ እግር ያደነዝዛል። "ለነርቭ" ተብሎ የሚሸጥ ቅይጥ ውስጥ መገኘቱ ያስገርማል። ዚንክም በቀን ከ40 ሚሊግራም በላይ ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ የሰውነትን መዳብ ያሟጥጣል። "ልዩ ቅይጥ" ብሎ የየአንዳንዱን መጠን የማይናገር ብልቃጥ ካጋጠመዎት መልሰው መደርደሪያው ላይ ያስቀምጡት።

ምርቱን ማን አየው? የሚለውም ጥያቄ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1994ቱ (እ.ኤ.አ.) ሕግ ወዲህ ሰፕሊመንት ከመሸጡ በፊት እንደ መድኃኒት ይሠራል አይሠራም ተብሎ አይጸድቅም። ለዚህ ነው ዩኤስፒ ወይም ኤንኤስኤፍ የሚል የገለልተኛ መርማሪ ማኅተም ያለበት የሚመረጠው። ማኅተሙ የሚለው የተጻፈው ነገር በተጻፈው መጠን ውስጡ አለ፣ ብክለቱም ከልክ አላለፈም ነው። ይጠቅምዎታል አይልም። ክብደት ለመቀነስ፣ ጡንቻ ለማሳበጥና ለወሲብ የሚሸጡት ላይ ከሁሉም በላይ ይጠንቀቁ። ያልተገለጸ መድኃኒት በተደጋጋሚ የተገኘው በእነዚህ ውስጥ ነው።

ደረጃ 6፦ ሰዓቱን ያስተካክሉ

ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ስብ ይፈልጋሉ፤ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይውሰዷቸው። አይረን በባዶ ሆድ ይሻለዋል። ቡናና ሻይ፣ ወተትና ካልሲየም ከእሱ ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት ይራቁ። ቫይታሚን ሲ ግን ያግዘዋል። ሆድ ካሳመመ ከትንሽ ምግብ ጋር ቢሆን ይሻላል፤ ጨርሶ ከማቆም ያድናል። በየቀኑ ካስቸገረዎት ቀን እየዘለሉ ስለ መውሰድ ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ ሰውነት ከየአንዳንዱ ኪኒን የሚስበው እንዲያውም ይጨምራል። ሰገራ ቢጠቁር አይደንግጡ፣ የአይረኑ ነው። እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና ክፉ ሽታ ያለው ከሆነ ግን ሐኪም ጋ ይሂዱ።

ካልሲየም በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊግራም ባይበልጥ ጥሩ ነው። ማግኒዚየም ተቅማጥ ካመጣ በዝቷል ማለት ነው። የረሱትን ለማካካስ ደርበው አይዋጡ።

ደረጃ 7፦ ይለኩ፣ ካልረዳ ያቁሙ

ማታ ማታ ጉልበትዎን፣ እንቅልፍዎንና ስሜትዎን ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይስጡ። ስልክ ላይ ቢሆንም ይበቃል። ኦሜጋ 3ን ለመፍረድ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይስጡት። ቫይታሚን ዲን በ3 ወር ገደማ እንደገና ያስመርምሩ። አይረን ላይ ሰው የሚሸወደው ቶሎ በማቆም ነው። ሄሞግሎቢን በሳምንታት ይነሳል፣ ክምችቱ እስኪሞላ ግን ከዚያ በኋላ ወደ ሦስት ወር ይፈጃል። ደረጃ 1 ላይ የጻፏት ዓረፍተ ነገር ምንም ካልተለወጠች ይተዉት። የጀመሩትን መጨረስ ግዴታ የለብዎትም።

ለምርመራ ደም ሊሰጡ ሲሄዱ ባዮቲን እንደሚወስዱ ይናገሩ። ለፀጉርና ለጥፍር የሚሸጠው ይሄ ቫይታሚን የታይሮይድ ውጤትን ያዛባል፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የሚለይበትን የትሮፖኒን ምርመራም ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ቀዶ ጥገና ካለብዎትም የሚወስዱትን ሁሉ ቀደም ብለው ያስታውቁ፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ አሉና።

ማስቀመጫው

መታጠቢያ ቤት እርጥበት አለው፤ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ይሻላል። ከሁሉም በላይ ግን ልጅ የማይደርስበት፣ የሚቆለፍ ቦታ ይሁን። ከረሜላ የሚመስሉት ደግሞ ይብሳሉ። ትንሽ ልጅ የአይረን ኪኒን ከዋጠ ምልክት እስኪታይ አይጠብቁ፣ ብልቃጡን ይዘው በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። አስመልሶት ከዚያ ደህና ቢመስልም ይሂዱ። የአይረን መመረዝ ለሰዓታት ፋታ ሰጥቶ እንደገና ሊነሳ ይችላል፣ ያኔ ጉበት ላይ ይደርሳል።