የአሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ የቴስታታ ጓርኒሲዮን በቤት ውስጥ እንዴት ይቀየራል

ከኮምቦልቻ ተነስቶ ሐረጎን ሲወጣ የሙቀት መርፌው ወደ ቀዩ የሚጠጋና ደሴ ሲደርስ ውሃ የሚጠይቅ መኪና ሁሉ ጓርኒሲዮኑ፣ ማለትም በቴስታታው (በሞተሩ የላይኛው ክፍል) እና በብሎኩ (በታችኛው) መሃል ያለው ማሸጊያ፣ ተቃጥሏል ማለት አይደለም። መጀመሪያ የራዲያተሩን ክዳን ይመልከቱ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን ውሃ የሚከፍተውና የሚዘጋው ቴርሞስታት ደግሞ ገና በ82 መከፈት ይጀምራል። በመሃል ያለው ክፍተት ጠባብ ስለሆነ፣ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ጤነኛ ሞተርም ይፈላል። ጎማው የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ከሆነ ክዳኑን ቀይረው እንደገና ይሞክሩ።

ጓርኒሲዮኑ እንደሄደ የሚያረጋግጡት ምልክቶች ሌሎች ናቸው። የትም ሳያፈስ ውሃ ይጎድላል፤ ሞተሩ እየሠራ በራዲያተሩ አፍ አረፋ ሳያቋርጥ ይወጣል፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ይደክማሉ፤ በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት ማኪያቶ ይመስላል። በዘንጉ ሳይሆን በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ብቻ ነጣ ያለ ነገር ካዩ ግን አይደንግጡ። በደሴ ብርድ አጭር መንገድ ብቻ በሚሄድ መኪና ላይ ከእርጥበት የሚመጣ ነው። የጠዋት ነጭ ጭስም ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ ችግር የለውም።

ከዚህ በታች ያለው ለ4ኬ ሞተር ነው፤ የብዙዎቹ ካርቡሬተር ዲኤክሶች ሞተር ማለት ነው። ለቤት ሥራ የሚመችበት ምክንያት አለው። ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ካምሻፍት ከታች ብሎኩ ውስጥ ስለሆነና የሚዞረውም በሰንሰለት ስለሆነ፣ ቴስታታው ሲወርድ ታይሚንጉ (የቫልቮቹ መክፈቻ ጊዜ) አይነካም። ዲስትሪቢዩተሩም በቦታው ይቀራል።

የላይኛውን ክፍል የጓርኒሲዮን ስብስብ ይግዙ፤ የሞተሩ ሙሉ ስብስብ አያስፈልግም። ቴርሞስታት፣ የራዲያተር ጎማዎች፣ የዘይት ፊልትሮና 3.5 ሊትር ዘይት ይጨምሩ። ከመሣሪያ ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለኩበት ስስ የብረት ቅጠሎች) እና ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ የግድ ነው። የሲልከን ቱቦ አብሮ እንዲገዙ ሻጩ ቢገፋፋዎትም፣ ለቴስታታ ጓርኒሲዮን ሲልከን አይቀባም። ትርፉ ተጨምቆ የውሃና የዘይት ቀዳዳ ይዘጋል።

ማውረድ

ሞተሩ ሌሊቱን በሙሉ ይብረድ። ትኩስ የአሉሚኒየም ቴስታታ ቡሎኑ ሲላላ ይጣመማል፤ ቸኩሎ መፍታት የ1 ቀን ሥራን የ1 ሳምንት ያደርገዋል። የማርሚታው ቱቦ ከማኒፎልዱ ጋር የሚታሰርባቸው ዳዶዎች ዝገት ስለሚይዛቸው ከዋዜማው ጀምሮ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ያጠጧቸው።

የባትሪውን ነጌቲቭ ይንቀሉ፤ ውሃውንና ዘይቱን ያፍስሱ። ጎማዎችንና ሽቦዎችን ከመንቀልዎ በፊት በስልክ ፎቶ ያንሱ፣ በፕላስተርም ቁጥር ይለጥፉባቸው። የነዳጅ ማስገቢያውና የጭስ ማስወጫው ማኒፎልዶች በ4ኬ ላይ በአንድ ጎን ስለሆኑ ከነካርቡሬተሩ አብረው ከቴስታታው ጋር ሊነሡ ይችላሉ። ክብደቱ ለአንድ ሰው ስለሚበዛ ረዳት ይጥሩ።

ከቴስታታው በላይ ሆኖ ቫልቮቹን የሚጫነውን የሮከር ማሰሪያዎች ሁሉንም በየተራ ጥቂት ጥቂት እያላሉ ያውጡ። 8ቱን የቫልቭ መግፊያ ዘንጎች በካርቶን ላይ 8 ቀዳዳ በስተው በተራቸው ይሰኩ፤ እያንዳንዱ ከራሱ ቦታ ጋር ተላምዶ ስላለቀ መቀያየር የለበትም። የቴስታታ ቡሎኖችን ከዳር ወደ መሃል፣ በ2 ወይም በ3 ዙር ይፍቱ። ቴስታታው ከተጣበቀ በእንጨት መዶሻ ጎኑን መታ መታ ያድርጉ እንጂ ካቻቪቴ በስንጥቁ አያስገቡ። አንድ ጭረት በቂ የውሃ መንገድ ነው።

እንደወረደ አሮጌውን ጓርኒሲዮን ሳይጥሉ ያንብቡት። በ2 ሲሊንደሮች መሃል ያለው ድልድይ ጠቁሮ ከተበላ ግፊት የሾለከው በዚያ ነው። ውሃ ይገባበት የነበረው ሲሊንደር ፒስተን ከሌሎቹ ተለይቶ ካርቦኑ ታጥቦ ያብረቀርቃል።

ገጹን ማዘጋጀት

ሥራው የሚበላሸው ወይም የሚያምረው እዚህ ነው። ብሎኩ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረቱ እጥፍ ያህል ስለሚለጠጥ በሁለቱ መሃል ያለው ጓርኒሲዮን ሞተሩ በሞቀና በበረደ ቁጥር ይፈተጋል። ገጹ ቆሻሻ ወይም ጎድጓዳ ከሆነ የትኛውም ጓርኒሲዮን አይቆይም።

ሲሊንደሮቹንና የውሃ ቀዳዳዎቹን በንጹሕ ጨርቅ ይድፈኑ። የተጣበቀውን ቅሪት በምላጭ ዝቅ አድርገው ይላጡ። በአሉሚኒየሙ ላይ የሚሽከረከር የሽቦ ብሩሽ አይጠቀሙ፤ ሳይታወቅ ይቆፍረዋል። የብርጭቆ ወረቀትም በጣት ተይዞ ሲታሽ ለስላሳውን ቦታ ያጎደጉዳል። በቤንዚን የሚያጥቡ ከሆነ ደጅ ያድርጉት፤ የቡና ከሰል የተያያዘበት ግቢ ውስጥ አይሆንም።

ከዚያ ማስመሪያውን በጠርዙ አቁመው በርዝመቱ በ2ቱ ጎኖች፣ በ2ቱ ሰያፎችና በወርዱ በበርካታ ቦታ ያስቀምጡ። የ0.05 ሚሊሜትር ፊለር በሥሩ ካለፈ ቴስታታው ተጣሟል፤ ገጽ የሚያስተካክል ማሽን ወዳለው ሞተር ማደሻ ይሂድ። «እስኪስተካከል ድረስ ብቻ» ብለው ይንገሯቸው። ብዙ ከተላጠ ኮምፕሬሽኑ ይጨምርና ሞተሩ ዳገት ላይ ይንኳኳል። በቫልቮቹ መሃል ስንጥቅ ካለም የሚታየው አሁን ነው።

ብዙዎች የሚዘሉት የቡሎን ቀዳዳዎችን ነው። በቀዳዳው ግርጌ የተጠራቀመ ውሃ ወይም ዘይት ቡሎኑ ሲገባ የሚሄድበት የለውም። መፍቻው «ጠብቋል» ይላል፣ ቴስታታው ግን አልተያዘም፤ ሲብስ ብሎኩ ይሰነጠቃል። በመርፌ ሲሪንጅ ስበው ያውጡት፣ በጨርቅ ያድርቁት። የቡሎኖቹን ጥርስ አጽድተው በዘይት በስሱ ያርሱ፤ ከጓደኞቹ ረዝሞ የተገኘ ቡሎን ተለጥጧልና ይቀየር።

መግጠምና ማጥበቅ

አዲሱን ጓርኒሲዮን ደረቁን በብሎኩ ላይ ያስቀምጡና እያንዳንዱን ቀዳዳ ያመሳክሩ፤ በተለይ ወደ ሮከሩ የሚወጣውን የዘይት ቀዳዳ። ተገልብጦ ከገባ ይህ ይዘጋና ሮከሩ ደርቆ ይበላል። ቴስታታው በብሎኩ ላይ ሲቀመጥ እንዳይንሸራተት ጭንቅላታቸው የተቆረጠ 2 አሮጌ ቡሎኖችን በተቃራኒ ጥግ እንደ መሪ ይትከሉ፤ ከተቀመጠ በኋላ በቡሎኖቹ ይተኩዋቸው።

የማጥበቂያው ልክ ከ5.4 እስከ 6.6 ኪሎግራም ሜትር፣ ማለትም ከ53 እስከ 65 ኒውተን ሜትር ነው። ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር እየዞሩ በ3 ዙር፣ 2፣ 4፣ ከዚያም 6 ኪሎግራም ሜትር ያድርጉት። ይህን ልክ የሚያሳይ ቶርክ መፍቻ ከሌለ በእጅ ግምት አይሞክሩ፤ ገበያ ላይ የሚንጠለጠለው መንጠቆ ሚዛን ይሠራል። በመፍቻው እጀታ ላይ ከቡሎኑ መሃል በትክክል 50 ሳንቲሜትር ለክተው ምልክት ያድርጉ፣ ሚዛኑን እዚያ አጥምደው ለእጀታው ቀጥ ባለ ማዕዘን ይሳቡ። 4 ኪሎ ሲል 2፣ 8 ሲል 4፣ 12 ሲል 6 ኪሎግራም ሜትር ነው። በእርጋታ፣ ሳይነጥቁ።

ዘንጎቹንና ሮከሩን ይመልሱ። የቫልቮቹን ክፍተት ለመለካት የ4ኛው ሲሊንደር አንዱ ቫልቭ ሲዘጋ ሌላው መከፈት ሲጀምር የ1ኛውን ያስተካክሉ፤ በ1ኛው ደግሞ የ4ኛውን። 2ኛውና 3ኛውም እንደዚሁ ጥንድ ናቸው። ልኩ ሞተሩ ሲሞቅ ለማስገቢያ 0.20፣ ለማስወጫ 0.30 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ አሁን ለማስነሳት ያህል ያስተካክሉና ከሞቀ በኋላ ይድገሙት።

ማስነሳት

የነቀሉትን በፎቶው መሠረት ይመልሱ፤ አዲሱን ቴርሞስታት፣ ጎማዎቹንና ፊልትሮውን ገጥመው ዘይቱን ይሙሉ፣ ባትሪውንም ያገናኙ። የኮይሉን ሽቦ ነቅለው የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ በሞተሪኖ ያዙሩት። ራዲያተሩን በተጣራ ወይም በዝናብ ውሃና በአንቲፍሪዝ ይሙሉ፤ የምንጭ ውሃ ድንጋይ ያበቅላል። የኮይሉን ሽቦ መልሰው፣ ክዳኑን ከፍተው፣ ማሞቂያውን አብርተው የላይኛው ጎማ እስኪሞቅ ያሠሩት፤ አየሩ ሲወጣ ውሃው ይወርዳልና ይጨምሩ። ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል የተለመደ ምክር ነው፣ መጥፎ ምክር ነው። በደሴ ብርድ ሞተሩ ጨርሶ አይሞቅም፣ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱም ይቆሽሻል።

በማግስቱ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ በርዶ ሳለ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ፣ በዚያው ከመሃል ወደ ዳር ቅደም ተከተል፣ ሩብ ዙር አላልተው ወደ 6 ይመልሱ፤ ይህ አሮጌው ዓይነት ጓርኒሲዮን ሲሞቅ ስለሚተኛ ነው። ከዚያ ቫልቮቹን እንደገና ይለኩ። ለአንድ ሳምንት ጠዋት ጠዋት ውሃውን ይዩ፤ በራዲያተሩ አፍ አረፋው ተመልሶ ከመጣ ሌላ ጓርኒሲዮን አይግዙ፣ ቴስታታውን አውርደው በግፊት የስንጥቅ ፍተሻ ያስደርጉለት።