የብስክሌት ልዩ መፍቻዎችን እንዴት ትገዛላችሁ?

ጎማ ለመለጠፍና ፍሬን ለማጥበቅ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። ጥቂት ብሩጎላ፣ ካቻቢቴና ፓምፕ ይበቃል። ነገሩ የሚከብደው ክራንኩን፣ ማለትም ፔዳሉን የሚሸከመውን ክንድ፣ ወይም የኋላውን ማርሽ ለመፍታት ስትነሱ ነው። እነዚህ የሚፈቱት ለእነሱ ብቻ በተሠራ መፍቻ ነው። መፍቻው ደግሞ ከብስክሌት ብስክሌት ይለያያል።

1. ሙሉ ሳጥን አትግዙ

አርባ ዓይነት መፍቻ የያዘ ሳጥን ያጓጓል። ግን ግማሹ ለእናንተ ብስክሌት አይሆንም። የምትፈልጉት አንዱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ብረቱ ለስላሳ ነው። ብስክሌቱ የሚጠይቀውን ሥራ ጠብቁና ለዚያ ሥራ አንድ መፍቻ፣ ጥሩውን፣ ግዙ። እኔ በዚህ መንገድ ነው ቀስ በቀስ የሰበሰብኩት። አንዱም ያለ ሥራ አልተቀመጠም።

2. ከመግዛታችሁ በፊት ያላችሁን ዕቃ ለዩ

የኋላ ማርሽ ሁለት ዓይነት ነው፤ ካሴትና ፍሪዊል። ከሩቅ አንድ ይመስላሉ። ለመለየት ጎማውን አውጡና የማርሽ ጥርሶቹን ወደ ኋላ አዙሩ። ዓይናችሁ መፍቻው የሚገባበት መሃል ላይ ይሁን። መሃሉ ከጥርሶቹ ጋር አብሮ ከዞረ ካሴት ነው። መሃሉ ቆሞ ጥርሶቹ ብቻ ከዞሩ ፍሪዊል ነው።

ለካሴት ሁለት ነገር ትገዛላችሁ። አንዱ የመቆለፊያው ቀለበት መፍቻ ነው። ሌላው ጫፉ ላይ ቁራጭ ካቴና ያለው መያዣ ነው፤ ጥርሶቹ እንዳይዞሩ ይይዝላችኋል። ለፍሪዊል መያዣው አያስፈልግም፤ የራሱ መፍቻ ብቻ ይበቃል። ግን ፔዳሉን በረገጣችሁ ቁጥር እየጠበቀ ስለሚሄድ ረጅም እጀታ ያለው ቁልፍ አዘጋጁ።

ክራንኩንም እንዲሁ እዩት። በግራው ክንድ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ማጥበቂያ ብሎኖች ካሉ መንቀያ፣ ማለትም ክንዱን ከዘንጉ ላይ የሚያወጣውን መሣሪያ፣ አትግዙ። ብሩጎላና የጫፉን ክዳን የምትፈታ ትንሽ መፍቻ ይበቃሉ። መሃሉ ላይ አንድ ብሎን ብቻ ካለ ብዙ ጊዜ ክራንክ መንቀያ ያስፈልጋል። ብሎኑን ፍቱና ዘንጉን ተመልከቱ። አራት ማዕዘን ከሆነ ጫፉ ቀጭን የሆነ መንቀያ ነው የሚሆነው። ክብ ሆኖ ዙሪያውን ጥርስ ካለው ጫፉ ሰፊ መሆን አለበት፤ ቀጭኑ ዘንጉ ቀዳዳ ውስጥ ይሰምጣል።

3. ክራንክ መንቀያውን መጠቀም

እዚህ ላይ እንድትዘገዩ እፈልጋለሁ። እኔ የመጀመሪያውን ክራንኬን ያጣሁት እዚህ ነው።

ብሎኑን ፈታሁ። ከሥሩ የነበረችውን ቀጭን ሮንዴላ ግን አላየኋትም፤ በቆሻሻና በግሪስ ተሸፍና ነበር። መንቀያውን ሳስገባ ሁለት ሦስት ዙር ሄዶ ቆመ። ገብቷል ብዬ አሰብኩና ቁልፉን በሙሉ ኃይሌ ገፋሁት። ክንዱ ንቅንቅ አላለም። ድንገት ተሰነጠቀ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ፤ መንቀያው እጄ ላይ ቀረ። መንቀያው የሚገባበት የክንዱ የአሉሚኒየም ጥርስ እንደ ሽቦ ተጠምዝዞ ወጥቶ ነበር። መንቀያው ብረት ነው፣ ክንዱ አሉሚኒየም። ሲጋጩ የሚሸነፈው ክንዱ ነው።

አሁን እንዲህ አደርጋለሁ። ብሎኑ ከወጣ በኋላ በባትሪ ብርሃን ውስጡን አያለሁ፤ ሮንዴላ ካለ አወጣለሁ። ጥርሱን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጸዳና ጠብታ ዘይት እጨምራለሁ። ከዚያ የመንቀያውን የውስጥ ብሎን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ እመልሳለሁ። ይህ ካልሆነ ጫፉ ቀድሞ ዘንጉን ይነካና የውጪው ክፍል ሙሉ በሙሉ አይገባም።

የውጪውን ክፍል በእጅ ብቻ አስገቡ። ቀጥ ብሎና ሳይከብድ ብዙ ዙር መሄድ አለበት። ከጅምሩ ከከበደ ተጣሟል፤ አውጡትና እንደገና ሞክሩ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ በቁልፍ ትንሽ አጥብቁት። የውስጡን ብሎን ማዞር የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

ጥርሱ ቀድሞ ከተበላባችሁ አንድ መላ አለ። ብሎኑን አውጥታችሁ ብስክሌቱን አጭር ርቀት ቀስ ብላችሁ ንዱት፤ ክንዱ በራሱ ይላላል። ግን ቀዳዳውን ስለሚያበላሸው፣ ክንዱን ለመጣል ከወሰናችሁ ብቻ አድርጉት።

4. ፔዳል

አብዛኛው በ15 ቁጥር ቀጭን ቁልፍ፣ አንዳንዱ በ6 ወይም በ8 ብሩጎላ ይፈታል። የግራው ፔዳል ጥርሱ ግልባጭ ነው፤ በሰዓት አቅጣጫ ነው የሚፈታው።

5. ካቴና

ካቴናው አርጅቶ ምን ያህል እንደረዘመ የሚያሳየውን የካቴና መለኪያ ለመግዛት አትቸኩሉ። ማስመሪያ ይሠራል። ከአንዱ ፒን መሃል ተነሱና እሱን ሳትጨምሩ እስከ 24ኛው ፒን መሃል ለኩ። አዲስ ካቴና 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። ከኋላ 11 ወይም 12 የማርሽ ደረጃ ላለው ብስክሌት 306.3 ሲደርስ ይቀየራል። ለ9 እና ለ10 እስከ 307 ድረስ መታገሥ ይቻላል። ካቴና መፍቻ ግን ግዙ፤ ለቀጭኖቹ የ11 እና የ12 ካቴናዎች ከሆነ የሚስማማ መሆኑን አረጋግጡ።

6. ቶርክ ቁልፍ

ቶርክ ቁልፍ ብሎን በምን ያህል ኃይል እንደምታጠብቁ የሚለካ ቁልፍ ነው። ትንሹን አስቀድሙ። የመሪ ብሎኖች ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ኒውተን ሜትር ነው የሚጠብቁት፤ ልኩ ዕቃው ላይ ይጻፋል። ለመኪና ጎማ የተሠራው ትልቅ ቁልፍ ይህን ያህል ትንሽ ኃይል በትክክል አይለካም። መሪያችሁ ካርቦን ከሆነ ይህን መሣሪያ ለነገ አትበሉት። ካሴት እስከ 40 ኒውተን ሜትር ስለሚፈልግ ትልቁ ያኔ ይገዛል።

የኩሽኔታ መጭመቂያና የፍሬም መላጊያ አልገዛም። በዓመታት አንዴ ለሚመጣ ሥራ ብስክሌቱን ለባለሙያ እወስዳለሁ።

ያገለገለ መፍቻ ካገኛችሁ ጥርሶቹን በብርሃን አገላብጣችሁ እዩ። ጠርዛቸው ስል ከሆነ ውሰዱት። ከተድበለበለ በነጻም ቢሆን ተዉት፤ የሚያበላሸው ብሎን ከእሱ ይበልጣል።